ዶዘር እጅ የለውም

በገዛ እጅዎ፣ በሚያምር ጽሕፈት፣ ስሕተት ጽፈው ያውቃሉ? ሥርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ኅዳጉ የተጠበቀ፣ ቀኑና ቁጥሩ በየቦታው የገባ፣ ማኅተም ያረፈበት ስሕተት? እኔ ጽፌ አውቃለሁ። ጽፌ ስጨርስም ኮሚቴው በሙሉ አጨብጭቦልኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹ ይታገሱኛል።

የማስተምረው ከሁሩሙ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ሒሳብና ሳይንስ። ያደግኩት መቱ ከተማ ነው። በተመደብኩበት የመጀመሪያ ቀን ከሚኒባስ ወርጄ «ትምህርት ቤቱ የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ መንገድ ዳር ማር የምትሸጥ ሴት በአገጯ ወደ ጫካው አመለከተችኝና «እዚያ ነው፤ ጫማሽን ግን ከአሁኑ አውልቂ» አለችኝ። ምክሯ የገባኝ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ፣ አንድ እግር ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ስፈልግ ነበር።

ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ አጭር ሜዳ ነው። ቀጥሎ ረጅም ተዳፋት ይመጣል፤ የእግር መንገዱ የኮረብታውን ጎን ታክኮ ይሄዳል፤ ከላይ ጫካ፣ ከታች ቡና፣ ከቡናው በታች ወንዝ። ከተዳፋቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ሜዳ አለ፤ እሱ የሚያልቀው የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ይያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

በእኛ አገር ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይወስዳል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ ሲርስ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በሽተኛ ከቀበሌው ወደ ሁሩሙ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ቡና የሚወርደው በአህያ፣ አህያ እምቢ ካለ በሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመቴ ላይ «ሕዝቡ በጉልበት ከረዳ፣ ለአምስት ቀን አንድ የመንገድ ማሽን ይመደብላችኋል፤ የትኛውን እንደምትፈልጉ ጽፋችሁ አምጡ» የሚል መልእክት መቱ ካለው የመንገድ ቢሮ ሲደርስ፣ ቀበሌው በአንድ ቀን ኮሚቴ አቋቋመ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ሰብሳቢያችን ጋሼ ነበሩ። ሁሉም ሰው ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ሌላ ስም አልሰጣቸውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከኢሉባቦር ቡና ጭነው አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ እዚህ መሬት ይዘው ተቀመጡ። በቀበሌው ውስጥ ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ወፍጮ ሲበላሽም ራዲዮ ሲንሾካሾክም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ስብሰባው የእኔ ክፍል ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ይኼ ምን ውይይት ይፈልጋል?» አሉ ጋሼ። «መንገድ የሚከፍት ዶዘር ነው። ጻፊ።»

«ሌላ ማሽን የለም ወይ ጋሼ?» አልኳቸው። ለቃለ ጉባኤው ያህል ነበር የጠየቅኩት፤ ውይይት ያልተደረገበት ውሳኔ ሲጻፍ አያምርም።

«ሞልቷል! ግሬደር አለ፣ ሮለር አለ፣ እስካቫተር አለ። ሁሉም ግን ዶዘር ሲያልፍ ከኋላ የሚመጡ ናቸው። እኔን በደሌ መውጫ ላይ ከነጭነቴ ከጭቃ የጎተተኝ ማን ነው? ዶዘር። ጎሬ ቁልቁለት ላይ ስንቀር ደርሶ ያወጣን ማን ነው? ዶዘር። የሰው ውለታ ይረሳል፤ የዶዘር ውለታ አይረሳም።»

«ኤዬ! ዶዘር!» አሉ ከኋላ ዴስክ። ኤዬ ማለት በኦሮምኛ አዎ ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ግን የድል ጩኸት ይመስል ነበር።

ደብዳቤውን በኦሮምኛ፣ በሚያምር ቁቤ፣ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። ጋሼ ፈረሙ፤ የቀበሌው ማኅተም አረፈበት። አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ማታ ቤቴ ስገባ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተዳፋቱ ላይ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

«ቲቸር!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እትዬ ናቸው፤ ቡናቸው ስር አረም ሲያርሙ አገኘኋቸው። እትዬ በልጅነታቸው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ከቤተሰባቸው ጋር የመጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። ያላቸው መሬት ከእግር መንገዱ እስከ ወንዙ ያለው ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ ቡና ነው፤ እያንዳንዱን ችግኝ በእጃቸው ነው የተከሉት። ከዚያ ቡና ሌላ ዓመቱን የሚያሻግራቸው ነገር የለም።

«አቤት እትዬ።»

«ዶዘር አስመጣሽልን አሉ። እሰይ፣ ወላሂ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ይኼን ኮረብታ ሲፍቀው፣ የሚፍቀውን አፈር የት ነው የሚጥለው?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ የማላውቀው ሲመጣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገ እመለስበታለሁ» ማለትም እችላለሁ። ያን ቀን እሱም አልመጣልኝም።

«እሱ እንግዲህ... ወደ ጎን ይገፋዋል።»

«ወደ የትኛው ጎን?»

ጎኑ አንድ ብቻ ነበር። እሳቸው የቆሙበት።

እትዬ አልተቆጡኝም። ያየሁት ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀና ብለው ኮረብታውን፣ ከዚያ ቡናቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩኝና «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ነበር የጻፍኩት።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ መቱ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ገረጋንቲ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ ገረጋንቲ ማለት ለመንገድ የሚለበሰው ቀይ ጠጠር ነው። ሹፌሩን አስቁሜ እዚያ ወረድኩ። አንድ ኦፕሬተር ከማሽኑ ጥላ ስር ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነበር። ደብተሬንና እስክሪብቶዬን ሲያይ ጉርሻውን አቆመ።

«ከየትኛው ቢሮ ነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪ እዚህ ምን ትሠራለች? ድንጋይ ልታስተምሪ ነው?»

«መማር ነው የፈለግኩት።»

ይህ ደስ አሰኘው መሰለኝ፣ ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ኮረብታችንን በደብተሬ ላይ ሥዬ አሳየሁት፤ ከላይ ጫካ፣ ከታች ቡና፣ ከዚያ ወንዝ። ምን እንዳዘዝን ነገርኩት። ደብተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ተዳፋቱን በጣቱ ተከተለ።

«ዶዘር እጅ የለውም» አለኝ። «ግንባር ነው ያለው። ግንባሩ የነካውን ይገፋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ወደፊት ይገፋል፤ እንዲህ ያለ ጎን ላይ ከሆነ ወደ ገደሉ ይገፋል። አፈር ሽቅብ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እስካቫተርስ?»

«እሱ እጅ አለው። ይዘግናል፣ ያነሳል፣ ዞሮ አስቀምጥ ያልሽው ቦታ ያስቀምጣል። ከኋላው አስቀምጥ ካልሽው ከኋላው ነው።» ቀጥሎ ጣቱን አነሳ። «ግን ቀርፋፋ ነው። ይኼን ጻፊ፤ በኋላ አልነገረኝም እንዳትይ። አምስት ቀን ብቻ ካላችሁ እስካቫተር ይኼን ተዳፋት ቢጨርስ ነው። ሁለተኛውን ሜዳ አይነካውም። ዶዘር ግን አጥሩ ድረስ ይወስዳችኋል።»

ጻፍኩት። ማታ መቱ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ያለ ሠንጠረዥ ማሰብ አይሆንልኝም። በአንዱ ዓምድ የማሽኑ ስም፣ በሁለተኛው ሥራው፦ ዶዘር ይገፋል፣ እስካቫተር ይቆፍራል፣ ሎደር ይጭናል፣ ግሬደር ፊቱን ያስተካክላል፣ ሮለር ይጠቀጥቃል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም መጽሐፍ ይነግርዎታል። እኔ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፤ «አፈሩን የት ያደርሳል?» የሚል። ያ ዓምድ የእትዬ ነው። ከዚያ ወዲህ የማምነው እንዲህ ነው፦ ለመንገድ ማሽን ስትመርጡ የማሽኑን ጉልበት አትጠይቁ። ጉልበት ሁሉም አለው። መሬቱ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ጠይቁ፤ አፈሩ ሲርስ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ ከሁሉም በፊት ግን የሚነሳው አፈር የት እንደሚያርፍ፣ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ማን እንደሚኖር ጠይቁ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሠንጠረዡን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና መልሰው አጠፉት።

«ልጄ፣ አንቺ መኪና ነድተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጭቃ ውስጥ ጎማ ሲሽከረከር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጫማዬ ሲሽከረከር ሰምቻለሁ።»

ሊስቁ ነበር፤ ያዙት። «ደብዳቤው ተፈርሟል። ማኅተም አርፎበታል። አሁን ብንቀይር ተራችንን እናጣለን። እትዬን እኔም አዝንላቸዋለሁ። ግን መንገድ ሲሠራ አንድ ሰው ይጎዳል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

«ማን እንደሚጎዳ የመረጥነው እኛ ነን ጋሼ። ምረጡ ተብለን ነው የመረጥነው።»

«አንቺ ልጅ ምላስሽ ከግሬደር ይስላል» አሉኝ። «ሂጂ፣ ደብተርሽን አርሚ።»

ደብተር አላረምኩም። በሁለት ቀን ከተዳፋቱ በላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ቀይ አፈር ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አመላለስኩ። በሰሌዳ ላይ የምንጠቀምበትን ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር፣ ክርና ጠጠር ይዤ የኮረብታውን ማዘንበል ለካሁ። ከዚያ በግቢው ውስጥ በዚያው ልክ የሚያዘነብል የጉልበት ቁመት ያለው ኮረብታ ሠራሁ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፤ አንድ ሙከራ ብቻ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ለተማሪዎቼ ስለምነግር። ከየኮረብታው ስር አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የቡና ጫፍ ሰካሁ። ከዘይት ቆርቆሮ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆረጥኩ፤ ያ ዶዘሩ ነው። እስካቫተሩ ከቤቴ ያመጣሁት የወጥ ጭልፋ ነበር።

ተማሪዎቼ በየቤቱ ስለጠሩልኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ያኔ የተባልኩትን ሁሉ እዚህ ልጽፍ አልችልም።

«ባርሲስቱን እዩልኝ!» አለ አንዱ፤ ባርሲስቱ ማለት መምህርቷ ማለት ነው። «የጭቃ ወጥ ልትሠራልን ነው።»

«ጨው አይረሳ!»

«በጭልፋ መንገድ ሲሠራ ያየነው ዛሬ ነው።»

ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው መጡ። ቆርቆሮውን አቀበልኳቸው።

«ዶዘሩ ይኼ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ሹፌሩ እርስዎ ነዎት።»

«ፍሬን አለው?» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። ጃኬታቸውን ለሰው ሰጥተው ተንበረከኩ። መቼም የድሮ ሹፌር ናቸው፣ በአፋቸው የሞተር ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። ቆርቆሮውን ከኮረብታው ጎን አስገብተው ገፉ፣ መለስ አሉ፣ ገፉ። ቀጥ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ የሚያምር መንገድ ወጣ። በጥቂት ደቂቃ ከዳር እስከ ዳር ደረሱ። ጭብጨባው ቀለጠ።

«አያችሁ? መንገድ ማለት ይኼ ነው!»

«ነው ጋሼ» አልኳቸው። «በጣም ጥሩ መንገድ ነው። አሁን ደግሞ ከታች ያለውን ይቁጠሩልኝ። አሥራ ሁለት ነበሩ።»

ጎንበስ አሉ። ከአፈሩ በላይ የሚታዩት አራት ነበሩ፤ ከአራቱም ሁለቱ ተኝተዋል።

ሳቁ ቀነሰ። ጋሼ አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይኼ ልቅ አፈር ስለሆነ ነው። የኮረብታው አፈር የያዘ ነው» አሉ።

«ሁለተኛው ኮረብታ በደንብ ተጠቅጥቋል። ይሞክሩት።»

ቆርቆሮውን ይዘው ወደ ሁለተኛው ዞሩ። ያን ጊዜ ነው እትዬ ከሴቶቹ መሀል የወጡት። ይህን እኔ አላቀድኩትም፤ በዝግጅቴ ውስጥ አልነበረም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከኮረብታው ስር ቁጢጥ አሉና በቡና ጫፎቹ መሀል ሁለት እጃቸውን መሬት ላይ ዘረጉ።

«በሉ ይግፉ ጋሼ።»

«እትዬ፣ እጅዎን ያንሱ እንጂ።»

«ቡናዬም ሮጦ አያመልጥም። ይግፉ።»

ጋሼ ቆርቆሮውን ኮረብታው ላይ አሳረፉ። የሞተሩ ድምፅ አልመጣም። የእትዬን እጆች አየኋቸው፤ ጣቶቻቸው የአረም ጭማቂ ያጠቆራቸው፣ ጥፍራቸው ስር ያው ቀይ አፈር ያለባቸው እጆች ናቸው። ጋሼ ለመግፋት ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ አዘጋጁ፤ ሁለት ጊዜ ተዉት። የመጨረሻው ላይ ቆርቆሮውን ጎናቸው አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼስ ጭልፋው እንዴት ነው የሚነዳው?»

ሰጠኋቸው። አንድ ጭልፋ ዘገኑ፤ የሚጥሉበት ቦታ ሲፈልጉ ቆዩና ከኋላቸው፣ አሁን የቆፈሩት መንገድ ላይ አስቀመጡት። እንደገና ዘገኑ። የእትዬ እጅ ላይ ጥቂት እንክብል አፈር ተንከባለለ፤ ሌላ ምንም። ቀርፋፋ ነበር። እጅግ ቀርፋፋ ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ ፋሲካ ይደርሳል!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ዝም በል፤ ወጥ እያወጣሁ ነው» አሉት።

ከሳቁ በኋላ እውነተኛው ክርክር መጣ፤ እኔም አልሸሸግኩም። ኦፕሬተሩ ጻፊ ያለኝን ከደብተሬ አነበብኩላቸው፦ እስካቫተር ተዳፋቱን ብቻ ይጨርሳል፣ ሁለተኛው ሜዳ በእጃችን ነው የሚሠራው፣ በደቦ፣ በዶማና በአካፋ። ማሽኑ ከኋላው የሚከምረውን አፈር ደግሞ በባሬላ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ በሚይዘው የእንጨት መሸከሚያ፣ እያነሳን ጎድጓዳው ቦታ ላይ እንሞላለን። ብዙዎች ተቆጡ። «ማሽን እያለ እኛ ማሽን እንሁን?» ያለ ሰው አለ። እጅ ሲቆጠር ለእስካቫተር የተነሳው እጅ የበለጠው በጥቂት ነበር።

ጋሼ አዲሱን ደብዳቤ ለመፈረም አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ። «ከታች እንዲህ ብለሽ ጨምሪ፦ ማሽኑ ትምህርት ቤቱ ድረስ ባይደርስ ተጠያቂዋ ጸሐፊዋ ናት።»

«እጨምራለሁ» አልኩ። ጨመርኩም። በዚያው በሚያምረው ጽሕፈቴ፣ ከሌላው መስመር ትንሽ አግዝፌ ጻፍኩት።

መቱ ደብዳቤውን የተቀበለኝ ሰው ሁለቴ አነበበው። «ይህን የመጨረሻውን መስመር ማን አስጻፈሽ?» አለኝ። የጋሼን ስም ሳላነሳ ራሴ መሆኔን ነገርኩት። ማሽን ከተቀየረ ተራው ከመጨረሻ እንደሚጀምር አስረዳኝ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ተቀበልኩና ተመለስኩ።

የቀድሞው ተራችን በበጋ ነበር። አዲሱ ተራ የደረሰው ግንቦት ላይ ነው፤ ዝናቡ አገሩን ከያዘ በኋላ። በመሀሉ ያሉትን ወራት ሁሉም ሰው አስቆጠረኝ። ሱቅ ስሄድ «ባለ ጭልፋዋ መጣች» ይላሉ። ቃሬዛ በተዳፋቱ ላይ ሲወርድ የሚሸከሙት ወጣቶች እኔን ሲያዩ ያለ ቃል ቆም ይላሉ፤ ያ ከስድብ ይብሳል። አንድ ቀን ግን መልስ ሰጠሁ። «አዎ፣ ባለ ጭልፋዋ ነኝ። የማነሳውን የት እንደማስቀምጥ ስለማውቅ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስሙን ወደድኩት። አሁንም እወደዋለሁ።

እስካቫተሩ መጣ። አምስት ቀን ሠራ፤ ከአምስቱ አንዱን ሙሉ ቀን ዝናብ ወሰደው። እጁን ወደ ኮረብታው ይዘረጋል፣ ይዘግናል፣ ይዞራል፣ ከኋላው ያስቀምጣል። እኛ በባሬላ እናነሳለን። በአንዱ ባሬላ ፊት ለፊት እኔ፣ ከኋላ ጋሼ ነበርን፤ «ቀስ በይ፣ ማርሽ ቀይሪ» እያሉ ሲነዱኝ ዋሉ። አምስተኛው ቀን ሲመሽ ማሽኑ የተዳፋቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ይታያል። አልደረሰም።

ያም ሆኖ ሥራው ፍጹም አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ እርጥቡ አፈር አምልጦ ወረደና የእትዬን ሦስት ግንድ ቡና ቀበረ። እትዬና እኔ በእጃችን አወጣናቸው። ሁለቱ ዳኑ፤ አንዱ ደረቀ። ይህን የምጽፈው ሠንጠረዤ ሁሉን ነገር ያውቃል ብዬ እንዳልዋሽ ነው።

ሁለተኛው ሜዳ ዛሬም በደቦ እየተሠራ ነው። ዝናብ ሲያቋርጥ እንቆፍራለን፤ ሲመጣ እንተዋለን። ባጃጅና ሚኒባስ እስከ ተዳፋቱ ጫፍ ይገባሉ፤ በሽተኛ ከዚያ ይሳፈራል፤ ቡና ከዚያ ይጫናል። የቀረውን እንሄደዋለን። እኔም በየቀኑ እሄደዋለሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ሲይዘው ደብዳቤው ላይ ያስጻፉኝ መስመር ትዝ ይለኛል። ማሽኑ ትምህርት ቤቱ ድረስ አልደረሰም። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። እንደገና ምረጪ ብባል ያንኑ እመርጣለሁ፤ መስመሩንም እንደገና አግዝፌ እጽፈዋለሁ።

በተከተለው ኅዳር ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ከፊቴ በአዲሱ መንገድ ላይ በቀስታ ይሄዱ ነበር። ከታች እትዬ ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀይ ቀዩን ይለቅማሉ።

ጋሼ ቆም ብለው ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለተኛው ሜዳ ዞረው አዩ። «ዶዘር ቢሆን ኖሮ አጥሩ ድረስ ይደርስ ነበር» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

«አዎ ጋሼ» አሉ እትዬ ከታች፣ እጃቸውን ከቅርንጫፉ ሳያነሱ። «እኔ ደግሞ ከአፈሩ ስር እሆን ነበር።»

ጋሼ ከመንገዱ ዳር ተንጠልጥሎ የነበረ አንድ ጓል አፈር በእግራቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ መንገዱ መሀል ስበው መለሱትና ጉዟቸውን ቀጠሉ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በእርስዎም ሰፈር ማሽን የሚመረጥበት ቀን ይመጣል፤ ደብዳቤው ሳይፈረም በፊት ይሞክሩት። አፈሩን ከዚያው ከሚቆረጠው ቦታ ያምጡ እንጂ ከደጅዎ አይዝገኑ። ማዘንበሉን በክርና በጠጠር ይለኩ። ኮረብታውን ሁለት አድርገው ይሥሩ፤ ከስሩ እውነት በዚያ የሚበቅለውን ነገር ይትከሉ። ቆርቆሮና ጭልፋ ከማንም ቤት አይጠፋም። ሲገፉም ሲዘግኑም ዓይንዎን መንገዱ ላይ አያድርጉ፤ መንገዱ ሁልጊዜ ያምራል። ከታች ይቁጠሩ።

ቆርቆሮውን ግን እርስዎ አይያዙት። አጥብቆ ለሚከራከርዎት ሰው ይስጡት፤ ከኮረብታው ስር መሬት ያለውን ሰውም ይጥሩና አጠገቡ ያስቀምጡ። ከዚያ «በሉ ይግፉ» ይበሉ።